ኮዲንግ ሳልችል ጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃን በኮምፒውተር የማደራጀት ሙያ) ውስጥ መግባት እችላለሁ?

አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «በኤችአይቲ (የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ) ደረጃ 4 ተመርቄ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል 3 ዓመት ሠራሁ። አሁን የታካሚ መረጃ ሲስተም የሚሠራ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠርቶኛል። ‹ሆስፒታሎች መረጃ ሲለዋወጡ የታካሚ ሚስጥር እንዴት ይጠበቃል?› ብለው ቢጠይቁኝ፣ ኮዲንግ አልችልም፣ ምን ልበል?»

እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ እንዳንቺ ላለ ሰው የተጠየቀ ነው። አብረውሽ የሚወዳደሩት የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ስለ ኢንክሪፕሽን፣ መረጃን ቁልፍ የሌለው እንዳያነበው አድርጎ ስለመመስጠር፣ ያወራሉ። እሱም ያስፈልጋል። ግን ሞኒተር ጠርዝ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ፓስወርድ አይተው አያውቁም። አንቺ አይተሻል። አንዷ ነርስ ጠዋት ሲስተሙን በራሷ ፓስወርድ ከፍታ ትሄዳለች፣ ተረኛው ሁሉ በእሷ ስም ሲሠራ ይውላል። በኋላ «ይህን ፋይል ማን ከፈተው?» ሲባል ሲስተሙ የሚያወጣው የእሷን ስም ነው። ቴሌግራሙም አለ። ሪፈር ለማፋጠን ካርዱ ፎቶ ተነስቶ ይላካል፤ ስሙም፣ የካርድ ቁጥሩም፣ ውጤቱም የሰው ስልክ ላይ ይቀራል። እነዚህን ንገሪያቸው። የሆስፒታሉን ስም ግን አትጥሪ።

ቀጥሎ «መፍትሔውስ?» ይሉሻል። «ሁሉንም እንደብቅ» እንዳትዪ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ቲቢ ይዞት ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈለት እንበል። የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ የኤችአይቪውን መድኃኒት የዶሉቴግራቪርን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው፣ በቀን 1 ጊዜ ይወስድ የነበረው 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር በቀን 2 ጊዜ መሆን አለበት። ስለዚህ የቲቢ ሐኪሙ ማወቅ ግድ ነው። ያው ሰውዬ በሌላ ቀን ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ፊዚዮቴራፒ ቢላክስ? እዚያ ሙሉ ካርዱ ስካን ተደርጎ የሚሄድበት ምክንያት የለም። ማን ለየትኛው ሥራ ምን ማየት እንዳለበት መለየት፣ በየሰው ስም መግባት፣ የከፈተው ሁሉ መመዝገቡ፦ መልስሽ ይሄ ነው። ድንገተኛ ክፍል ግን በር ሊዘጋበት አይገባም። ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ ይክፈት፣ ተገቢ መሆኑ በኋላ ይመረመራል።

ሕጉንም ጥቀሺ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጤና መረጃ በአዋጁ የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ተመድቧል። ስለ ጤና መረጃ የሚለውን ክፍል አንብበሽ ግቢ፤ ቁጥሩን ብቻ ሸምድዶ የመጣ ያስታውቃል።

ለእጅሽ ማፍታቻ ኦፕን ኤምአርኤስ የተባለውን የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ሞክሪ፣ በነጻ ነው። ለካርድ ክፍል፣ ለላብራቶሪና ለሐኪም የተለያየ ፈቃድ ስጪና እያንዳንዱ ገብቶ ምን እንደሚታየው እዪ። ሁለት ቅዳሜ ይበቃሻል። ኮዲንጉ ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ ከፈለግሽ ከዳታቤዝ መረጃ መጠየቂያ በሆነው በኤስኪውኤል ጀምሪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለማሳያ ብለሽ የሥራሽን ስክሪን ፎቶ አንስተሽ እንዳትሄጂ። አንድ ጊዜ ፈታኝ ሆኜ ተቀምጬ፣ ጎበዝ የነበረ ልጅ «ይኸው እኔ የሠራሁት» ብሎ ስልኩን ዘረጋልን። የታካሚዋ ሙሉ ስም ከላይ በደማቁ ተጽፏል። ሌላ ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም።