«አፍንጫዬን ካላሠራችሁኝ» ላለች ልጅ እናት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ16 ዓመት ልጄ «አፍንጫዬን በቀዶ ሕክምና ካላሠራችሁኝ» ብላ ካስጨነቀችን አምስት ወር ሆነን። አባቷ «እግዚአብሔር የሰጠሽን!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንንም አታናግረንም፤ ከክፍሏም አትወጣም። እህቴ «ደፍጤ» እያለች አቀማጥላ ያሳደገቻት ሳቂታ ልጅ ነበረች እኮ! ገንዘቡን አጠራቅሜ ላሠራት ወይስ ልከልክላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ዓይኔ የቀረው «ደፍጤ» ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ሰልካካ አፍንጫ እንዴት እንደሚሞገስ ያውቁታል። አክስቷ ቃሉን በፍቅር ነው የምትለው፤ አልጠራጠርም። ልጅቷ ግን ጉርምስና ላይ ደርሳ መስታወት ፊት ስትቆም ያ ቃል አብሯት ይቆማል።

በዚያ ላይ ስልኳ አለ። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ሰልፊ፣ ከ1.5 ሜትር ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር፣ አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አሳይቷል። አብራችሁ ሞክሩት። አንዴ በራሷ እጅ ትነሳ፤ አንዴ እርስዎ ራቅ ብለው ያንሷት።

አሁን አያሠሯት። የሴት ልጅ አፍንጫ እድገቱን የሚጨርሰው 15 እና 16 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ሐኪም «ዕድሜዋ አልደረሰም» ላይል ይችላል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ዕድሜዋ ሳይሆን ከክፍሏ አለመውጣቷ ነው። ሌላ ሰው ልብ የማይለውን ጉድለት ቀኑን ሙሉ እያሰቡ የመጨነቅ ሕመም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በዚህ ዕድሜ ነው። እንዲህ ያለውን ጭንቀት ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ አያስታግሰውም። አፍንጫው ተሠርቶ፣ ጭንቀቱ ወደ ከንፈር ወይ ወደ አገጭ ሊዞር ይችላል። መስታወት ደጋግማ ታያለች? ፊቷን በፀጉሯ ትሸፍናለች? ከትምህርት ቤት ትቀራለች? እንዲያ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ይውሰዷት። የትምህርት ቤቷ አማካሪም ጥሩ መነሻ ነው።

ቀዶ ሕክምና ለልጅ ጨርሶ አይሆንም ማለቴ አይደለም። ጆሮው ወጣ ብሎ ጓደኞቹ የሚያላግጡበት ልጅ ከ5 ወይም ከ6 ዓመቱ ጀምሮ ሊታከም ይችላል።

አባቷ የተናገረው ከእምነቱ ነው፤ አከብራለሁ። እሷ ግን የሰማችው «ዝም በይ» የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሻይ ይዘው በሯን ያንኳኩ። «አፍንጫሽን መጀመሪያ ያስጠላሽ ምንድን ነው?» ይበሏት። ስትመልስ «ኧረ አንቺ ቆንጆ ነሽ!» ብለው አያቋርጧት። እስክትጨርስ ይስሟት፤ ብታለቅስም ታልቅስ። በመጨረሻ «18 ዓመት ሲሞላሽ አሁንም ከፈለግሽ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» ይበሏት። ካሉ ደግሞ ቃልዎን ይጠብቁ።

ለእህትዎም ይደውሉላት። ከእንግዲህ ልጅቷን በስሟ ትጥራት።