ሸፍልቦተም የሚባል ሰው አለ እንዴ? ስለ እንግሊዞች ስም ጥያቄና መልስ

ማንቸስተር ውስጥ ሰነድ በመተርጎም እተዳደራለሁ። ሰሞኑን አንድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ «ሸፍልቦተም» የሚል የቤተሰብ ስም ገጥሞኝ ስለ ስሙ ሁለት መስመር ብናገር ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ሸፍል» እግር እየጎተቱ መሄድ፣ «ቦተም» ደግሞ መቀመጫ አይደለም? ይህን ለልጁ የሚያወርስ ማን ነው?

መልስ፦ እንግሊዞቹም ይስቁበታል፣ አትፈር። ነገር ግን «ቦተም» የሰው መቀመጫ መጠሪያ የሆነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ስሙ ከቀልዱ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ በኮረብቶች መካከል ያለ ረባዳ መሬት ማለት ነበር። እኛስ ከእግር «ግርጌ»፣ ከራስ «ራስጌ» አውጥተን የለ?

የፊተኛው ክፍል ደግሞ ከእግር መጎተት ጋር አይገናኝም። በላንካሸር፣ ቤሪ ከተማ አጠገብ፣ በድሮ መዛግብት «ሺፕዋልቦተም» ወደሚል የሚጠጋ ስም ያለው ቦታ ነበር። «ሺፕ» በግ፣ «ዋል» ምንጭ፤ የበጎች ምንጭ ያለበት ረባዳ ማለት ነው። አንዳንዶች በጎች ከመሸለታቸው በፊት ጸጉራቸው የሚታጠብበት ውሃ ነው ይላሉ። ከዚያ «ሺፐርቦተም» ሆነ፤ አካባቢውን የማያውቅ ሰው አፍ ሲገባ ደግሞ ለጆሮው ወደሚቀርበው ቃል፣ ወደ «ሸፍል» ተንሸራተተ። ዶሮ ማነቂያን በቃል በቃል ትርጉም ለፈረንጅ ብትነግረው ምን እንደሚያስብ ገምት።

ጥያቄ፦ የሰፈር ስም እንዴት የሰው ስም ይሆናል?

መልስ፦ ደብረ ታቦር ውስጥ «የደብረ ታቦሩ ልጅ» ብሎ የሚጠራህ የለም። መርካቶ ስትገባ ነው የሚለጠፍብህ። እዚያም እንዲሁ ነው። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ መጀመሪያ ባለርስቶቹ፣ ቀስ በቀስም ገበሬው የቤተሰብ ስም ያዘ፤ እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ ነበረው። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር ብዙ ስሞችን በብራና አስቀርቶልናል። ከ1538 ጀምሮ ደግሞ አጥቢያዎች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ ታዘዘ። ጸሐፊው የሚጽፈው የሰማውን ነው፤ አንዱ ሰው በአንድ ፊደል ተጠምቆ በሌላ ፊደል ቢቀበር አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ «ቦተም» የሚል ሌላ ስም አለ?

መልስ፦ ሞልቷል፤ በተለይ በላንካሸርና በዮርክሸር፣ ጠባብ ሸለቆ በበዛበት አገር። ሳይድቦተም ሰፊ ረባዳ፣ ሎንግቦተም ረጅም ረባዳ ነው። ኳስ ወዳዶች ዋልተር ዊንተርቦተምን ታውቁት ይሆናል፤ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያው አሠልጣኝ፣ ከ1946 እስከ 1962 በአራት የዓለም ዋንጫዎች የመራ። የተወለደው ኦልደም፣ እዚያው ላንካሸር ነው። ስሙ በብርድ ወራት ከብት የሚጠለልበትን ረባዳ ያመለክታል። እዚህ ላይ የተርጓሚ ብሶቴን ልወጣ፦ «ዊንተር»ን ክረምት ብለን እንተረጉመዋለን፤ የእነሱ ዊንተር ግን እኛ ገና የምናከብርበት ወቅት፣ ማለትም በጋችን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሱቅ የባለቤቴን ቤተሰብ ዓርማ ያለበት ኩባያ ሸጠልኝ። እንግሊዛዊ ነው። እውነት ነው?

መልስ፦ ቡናሽን ጠጪበት እንጂ አትመኚበት። በእንግሊዝ ዓርማ የሚሰጠው ለግለሰብና ለዘሩ ነው፣ ለስም አይደለም። ይህን የሚቆጣጠረው ከ1484 ጀምሮ ያለ አንድ ተቋም ነው፤ ስሙን ስለተጋራሽ ብቻ ዓርማው ያንቺ አይሆንም።

ጥያቄ፦ መጨረሻውን «ቦተም» ሳይሆን «ቦታም» በሚመስል ፊደል የሚጽፉት አፍረው ነው?

መልስ፦ ያፈረ የለም አልልም። ቢሆንም ያ አጻጻፍ ራሱ ጥንታዊ ነው፤ የቃሉ ሁለት አነጋገር ጎን ለጎን ኖሯል።

ጥያቄ፦ እኛ አውሮጳ ስንመጣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ሦስት የተለያየ ስም ይዘን አየር ማረፊያ ላይ ጥያቄ ይበዛብናል። እነሱ እንዲህ ኖረው አያውቁም?

መልስ፦ ጎረቤቶቻቸው ዌልሶች ኖረዋል፤ «አፕ» ማለት የእገሌ ልጅ ነው። «አፕ ሪስ» ሲጨመቅ ፕራይስ፣ «አፕ ሃወል» ፓወል ሆነ። አይስላንዶች ደግሞ ዛሬም እንደ እኛ በአባት ስም ይጠራሉ። ለአየር ማረፊያው ግን የልጅህን የልደት ምስክር ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ያዝ።

ጥያቄ፦ ሸፍልቦተምን በአማርኛ «ባለ በጎች ምንጭ» ብዬ ልተርጉመው?

መልስ፦ እባክህ! ስም አይተረጎምም። ሸፍልቦተም ብለህ ጻፍ፤ ባለቤቱ በስልክ ሲያነሣ ራሱን እንዴት እንደሚጠራ ስማና ፊደሉን በዚያው አስተካክል።