ሰኞ የሚፈረመው ወረቀት

ጤና ይስጥልኝ፣

ቃሊቲ አካባቢ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ዘንድሮ 5 ዓመቴ ነው። በወረቀት ግን ሁሌም አዲስ ነኝ። በየ6 ወሩ ውሌ ያልቃል፤ ሁለት ሳምንት ቤቴ እቀመጥና እንደገና እፈርማለሁ። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ «ገና ነህ» እባላለሁ። ብድር ስጠይቅ «ቋሚ ነህ ወይ?» ይሉኛል። የኪራይ ቀን ሲደርስ ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን ታያለች። አለቃዬ ደግሞ ስብሰባ በጠራ ቁጥር «ምርታማነት ወርዷል፣ ሰንፋችኋል» ይላል። ገበያው ስለማያስተማምን ሰው እንደልብ መቀነስና መጨመር አለበትም ይላል። እኔ ሰነፍ አይደለሁም። የማሽኑን ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) መቀየርና ሙቀት ማስተካከል ከእኔ የሚበልጥ የለም። እርግጥ አዲስ ለሚመጡት ሁሉንም አላሳይም። ካሳየሁማ እኔ ምን ልሠራላቸው ነው? ባለፈው ወር አንዷ ልጅ እጇን ትንሽ ተቃጥላ ነበር፤ አሁን ደህና ናት። ለማንኛውም ሰኞ የምፈርመው ውል ወደ 3 ወር ወርዷል። ልፈርም ወይስ ትቼ ልውጣ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የልጅቷ እጅ ነው። አንተ «ትንሽ» ብለህ አለፍከው። እሷም እንዳንተ እንጀራ ፍለጋ ነው የመጣችው። ነገ ጠዋት ግባና የደበቅከውን አሳያት። ይሄ ከፊርማው ይቀድማል።

ቁጣዬ አንተ ላይ አያበቃም። አለቃህ ምርታማነት የት ገባ ካለ፣ አንተ ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፎበታል። ያስቆለፈህም ራሱ ነው። በየ6 ወሩ የሚሰናበት ሰው ሙያውን አያካፍልም። አዲሱም እያበላሸና እየተቃጠለ ይማራል።

ገበያ ሲቀዘቅዝስ ምን ያድርግ? መንገድ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ሰው የሚፈተንበት 60 የሥራ ቀን ሰጥቶታል። ሥራ ሲቀንስም በማስጠንቀቂያና በስንብት ክፍያ ሠራተኛ መቀነስ ይችላል። አንቀጽ 9 ግን ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። አንቀጽ 10 የተለዩትን ይዘረዝራል፤ የታመመን ሰው መተካት፣ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ሥራ፣ ድንገት የበዛ ሥራ የመሳሰሉትን። 5 ዓመት የሚዞር ማሽን ከእነዚህ የትኛው ነው? እኔ አንዱም አልታየኝም።

ትተህ አትውጣ። 5 ዓመትህን በነጻ አትስጠው። የፈረምካቸውን ውሎች፣ የደመወዝና የጡረታ መዋጮ ወረቀቶችህን ሰብስብ። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ እዚያ፣ ከሌላችሁ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂድ። የሰኞውን ወረቀት ሳትፈርም አሳያቸው። «ያለፈውን አልጠይቅም» የሚል መስመር ካለበት ፈጽሞ አትፈርም። ካሰናበቱህ ደግሞ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብለህ የምትከስበት ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ዛሬ ይጠሩኛል ነገ ይጠሩኛል እያልክ እንዳታሳልፈው።

ስትሄድ ልጅቷንም ይዘሃት ሂድ። ቃጠሎው በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ መመዝገቡን ጠይቁ፤ ማሳከም የአሠሪው ግዴታ ነው። እጇ እንዴት እንደሆነም ጻፍልኝ።