«አማካሪዋ ምክር አትሰጠኝም፤ ልቀጥል ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ አራት ጊዜ ሄደሽ አማካሪዋ ከመጠየቅና ከማዳመጥ በቀር «ይህን አድርጊ» ስላላለችሽ፣ ገንዘቤ በከንቱ እየፈሰሰ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከድባቴው በተጨማሪ ሰው መሃል መግባት እንደሚያስጨንቅሽም ጽፈሻል። በሙያው ውስጥ ስላለሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ምክር አለመስጠቷ ብቻውን ጉድለት አይደለም። እንዲያውም በሁለተኛው ቀጠሮ «ትዳርሽን ፍቺ»፣ «ሥራውን ልቀቂ» ብትልሽ ነበር የምሰጋልሽ። በሰው ውሳኔ የሚኖር ሰው ነገሩ ሲበላሽ መካሪውን ይወቅሳል፤ ሲሳካለትም በራሱ መተማመንን አይለምድም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፦ እስካሁን አብራችሁ የተስማማችሁበት ግብ አለ?

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀጠሮዎች በጥያቄ ቢያልቁ ተገቢ ነው። ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ፣ የምትወስጃቸው መድኃኒቶች፣ መጠጥ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፤ እነዚህ ሳይጠየቁ ሥራ አይጀመርም። የታይሮይድ መዛባትና የደም ማነስ ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራ እንድታደርጊ ብትልክሽም አይግረምሽ። ምስጢርሽ እስከምን ድረስ እንደሚጠበቅም ያኔውኑ መነገር ነበረበት፤ የራስሽ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሊወጣ ይችላል። ካልነገረችሽ ጠይቂያት።

እስከ አምስተኛው ቀጠሮ ድረስ ግን ግብ መቀመጥ አለበት። «ደስተኛ መሆን» ግብ አይባልም፤ አይለካማ። «በሳምንት አራት ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከአልጋ መነሳት» ይለካል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 የአማካሪና የተማካሪን ትብብር በሦስት ከፍሎት ነበር፦ በግቡ መስማማት፣ እዚያ በሚያደርሰው ሥራ መስማማት፣ እርስ በርስ መተማመን። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ብቻ ይዞ «ጥሩ ሰው ናት» እያለ ወራት ይፈጃል።

መለኪያው አስቸጋሪ አይደለም። ለድባቴ በብዛት የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 (PHQ-9) የተባለው መጠይቅ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ከ5 እስከ 9 ቀላል፣ ከ10 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 19 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ይባላል። በ17 ጀምረሽ 16 ብታመጪ ምንም ማለት አይደለም፤ 5 ነጥብ ያህል ሲወርድ ነው ለውጥ አለ የምንለው። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ ከ0 በላይ ከተሞላ፣ ድምሩ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ቀን መነጋገር ግድ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ያለው በቀጠሮዎቹ መሃል ነው። ድባቴ ያለበት ሰው ፍላጎት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ፍላጎቱ ግን የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው። ስለዚህ አንደኛ ሳምንት ምንም ሳትቀይሪ የዋልሽበትን በየሰዓቱ ትጽፊያለሽ፣ አጠገቡ ስሜትሽን ከ0 እስከ 10 ትሰጪዋለሽ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ነገር ትመርጫለሽ፤ አንዱ ደስ ይልሽ የነበረ፣ ሌላው ሲያልቅ «ሠራሁ» የሚያሰኝ። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው «ስፖርት እጀምራለሁ» ብሎ ይነሳና በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። «ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ 10 ደቂቃ በእግር» ይበቃል። ካልሆነልሽም ደብቀሽ አትቅሪ፤ ያልሆነበት ምክንያት ለአማካሪዋ ከሆነው ይልቅ ይጠቅማታል።

ቀጥሎ የሐሳብ መዝገብ ሊመጣ ይችላል፦ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ ለሐሳቤ ማስረጃው ምንድን ነው፣ የሚቃረነውስ? ጓደኛሽ ስልክ አላነሳችም እንበል። ሐሳቡ «ጠልታኛለች» ነው፣ እምነትሽ 90 በመቶ። ብዙዎች በስሜት ዓምድ ውስጥ «እንደናቀችኝ ተሰማኝ» ይጽፋሉ፤ እሱ ገና ሐሳብ ነው፣ ስሜቱ ኀዘን ወይም እፍረት ነው። ሳይለያዩ ከቀሩ መዝገቡ አይሠራም። ደግሞ ዓላማው ራስን በጥሩ ጥሩ ቃል መሸንገል አይደለም፤ 90ው ወደ 50 ከወረደ ትልቅ ነገር ነው።

ሰው መሃል የመግባቱ ጭንቀት ሌላ መንገድ አለው። የምትሸሺያቸውን ቦታዎች በሚያስጨንቁሽ መጠን ከ0 እስከ 100 ደረጃ ትሰጪያቸዋለሽ፣ ከ30 ወይም 40ው ትጀምሪያለሽ፣ ጭንቀቱ እስኪረግብ እዚያው ትቆያለሽ፣ ትደጋግሚዋለሽ። ልክ ጭንቀቱ ጣራ ሲነካ ከወጣሽ አእምሮሽ «የዳንኩት በመሸሼ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይብሳል።

ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት ያሳለፈ ሰው ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «ሁሉንም ንገሪኝ» የምትል አማካሪ አትመቸኝም። አስቀድሞ እንቅልፍና ደኅንነት መስተካከል፣ ትውስታው ሲያጥለቀልቅ ራስን ማረጋጋት መለመድ አለበት።

ከቀጠሮ በኋላ አንድ ሁለት ቀን መከፋት ያጋጥማል። ሳምንታት እየባሰ መሄዱ ግን ይነገራት። ድምፅ መስማት፣ ሳይተኙ ለቀናት ከወትሮው የበዛ ጉልበት መኖር፣ መብላት ማቆም ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ያስኬዳሉ። ራስን የማጥፋት ዕቅድ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። የምትወስጂውን መድኃኒት «ተዪው» የማለት ሥልጣን አማካሪዋ የላትም።

ሲሻልሽ ደግሞ ድንገት አትቁረጪ። ከየሳምንቱ ወደ የሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ ወደ ወሩ እየተራራቀ ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ሲመለስብሽ የሚታዩ ሦስት ቀዳሚ ምልክቶችን፣ የረዱሽን ነገሮችና የምትደውይለትን ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ትጽፋላችሁ።

ለአምስተኛው ቀጠሮሽ እንዲህ በያት፦ «ግባችን ምንድን ነው? መቀየሬን በምን እናውቃለን? በሳምንቱ መሃል ምን ልሥራ?» ሙያዋን የምታውቅ አትቀየምም፣ እንዲያውም ደስ ይላታል። ሁለት ቀጠሮ ሙሉ ከተድበሰበሰ፣ ወይም ሰዓቱን የራሷን ሕይወት እያወራች ከጨረሰችው፣ ሌላ አማካሪ ፈልጊ።