ለጠይም ፊት የትኛው ቡኒ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን። 27 ዓመቴ ነው፣ የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ጠይም ነኝ፣ ጸጉሬ ጥቁር ነው፣ ቀለም ነክቶት አያውቅም። ከወር በኋላ የእህቴ ሠርግ ስላለ ቡኒ ልቀባ አስቤ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁና ካርቶኖቹን ሳይ ግራ ገባኝ። ልቤ የሄደው ወደ አንዱ አመድማ ቡኒ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሪላክሰር (ጸጉር የሚያለሰልሰውን ኬሚካል) ተሠርቻለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ አመድማውን እዛው መደርደሪያው ላይ ተይው። ካርቶኑ ላይ ያለችው ሴት ጸጉር ከመነሻውም የፈካ ነው፣ ያንቺ ግን ጥቁር ነው። ጥቁር ጸጉር ቀለሙን ሲለቅ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ ነገር ይወጣዋል። አመድማ ቀለም ሥራው ያንን ቀይ ማጥፋት ስለሆነ አንቺ ላይ ወይ ጭራሽ አይታይም፣ ወይ ደብዝዞ ይቀራል። ደብዛዛ ጸጉር ደግሞ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ጠይም ፊትን ያገረጣል።

ስሙን ተይና ቁጥሩን እዪ። ቸኮሌት፣ ካራሜል ማለት የሻጭ ቋንቋ ነው። 1 ጥቁር ነው፣ 3 ጠቆር ያለ ቡኒ፣ 4 መካከለኛ፣ 5 ፈካ ያለ፣ 6 ላይ ስትደርሺ ወደ ብሎንድ ገባሽ። እንደ 4.3 ባሉት ላይ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ የቀለሙን ጠባይ ይነግርሻል። ብዙዎቹ አምራቾች ጋ 1 አመድማ፣ 3 ወርቃማ፣ 4 መዳብማ ነው፤ ሁሉም አንድ ስላልሆኑ የካርቶኑን ጀርባ አንብቢ። ላንቺ 4.3 እመርጣለሁ። አብሮት የሚቀላቀለው ፐርኦክሳይድ 6 በመቶ፣ ማለትም 20 ቮልዩም ይበቃል፤ ጸጉርሽን አንድ ሁለት ደረጃ ያፈካዋል፣ ከዚያ በላይ ሠርግ ላይ አያስፈልግሽም። የቀይ ዳማ ብትሆኚ ኖሮ 5 እልሽ ነበር። መልኳ ጠቆር ያለ ደግሞ 3 ላይ ትንሽ ቦርዶ ቢገባበት እንዴት እንደሚያምርባት!

የቀለሙን ናሙና ይዘሽ በር ላይ ውጪ። ሱቅ ውስጥ፣ መብራት ሥር ጥቁር የመሰለሽ ቡኒ ቸርችል ጎዳና ላይ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው መዳብ ይሆናል። የምትለብሺው ሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ወርቃማ ከሆነ አብረሽ አስተያዪው።

ሪላክሰሩን በተመለከተ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፈው። ወር ስላለሽ ችግር የለም፣ ሠርጉ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው ተቀቢው። ሌላ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ቀን እንሥራልሽ የሚል ካለ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ። ከመቀባትሽ ከ48 ሰዓት በፊት ደግሞ ካርቶኑ እንደሚለው ጥቂት ቀለም ከጆሮሽ ጀርባ ሞክሪ። ካሳከከሽ ወይም ካበጠ ቀረ በቃ። በተለይ እጅ ላይ የሚሣለው ጥቁር ሂና አሳክኮሽ የሚያውቅ ከሆነ ቋሚ ቀለም አትንኪ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ውስጥ ያለው ኬሚካል አንድ ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው፣ ካዛንቺስ ነው ያደግሁት። ሽበቴን ለዓመታት ሂና ስቀባው ብርቱካን ሆኖብኛል። ልጄ ጥቁር ተቀቢና ተገላገይ ትለኛለች። ልስማት?

መልስ፦ እናቴ፣ ጥቁሩ ይቅርብዎ። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ነጩ ሥር ከድፍኑ ጥቁር በታች ብቅ ሲል መስመሩ ከሩቅ ይታያል። 4 ቡኒ ይሻልዎታል፣ ከነጥብ በኋላ ምንም የሌለው ወይም 0 ያለው፣ ምክንያቱም ሽበትን ደህና አድርጎ የሚሸፍነው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የበቀለውን ሥር ብቻ እያስነኩ ይቆያሉ፣ በየጊዜው እስከ ጫፉ መቀባት ጸጉሩን ያደርቀዋል።

ግን መጀመሪያ የሂናውን ነገር ያጣሩ። ንጹሕ የሂና ቅጠል ከሆነ ቀለም ቢደረብበት ችግር የለውም። አንዳንዱ የታሸገ ሂና ግን የብረታ ብረት ጨው የሚባል ኬሚካል ይደባለቅበታል፤ ያ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ጸጉሩን ይሰባብረዋል። ስለዚህ ከኋላ ትንሽ ጸጉር ይቁረጡና የተቀላቀለው ቀለም ውስጥ ይንከሩት። ከሞቀ፣ ከተንጨረጨረ ወይም ቀለሙ እንግዳ ከሆነ፣ ሂና የነካው ጸጉር ተቆርጦ እስኪያልቅ ቀለም አይሞክሩ።