የካንሰር መድኃኒት ፓተንትና የዘረ መል ምርመራ፦ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሙያዬ ፋርማሲ ሲሆን የመድኃኒት ፓተንትን (የፈጠራ ባለቤትነት መብትን) ጉዳይ ለብዙ ጊዜ በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። ስለ ካንሰር መድኃኒቶች ዋጋ፣ ስለ ባለቤትነት መብታቸውና ከእነሱ በፊት ስለሚታዘዘው የዘረ መል ምርመራ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንብቤ እንደሚከተለው መልሻለሁ። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሕክምና የሚወስነው የሚከታተለው ሐኪም መሆኑ አይዘንጋ።

ጥያቄ (ከወረታ)፦ የአባቴ ነጭ የደም ሴል እጅግ በዝቷል፣ ጣፊያቸውም አብጧል ተባልን። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብለው ለተጨማሪ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን። መድኃኒቱ በፓተንት የተያዘና ዋጋው የማይቀመስ ነው ሲባል ስለ ሰማን ከወዲሁ ተስፋ ቆርጠናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ተስፋ መቁረጥ የሚገባችሁ ግን አይመስለኝም፤ ይህ በሽታ ከካንሰሮች ሁሉ ሳይንስ ከፍተኛ ድል ካገኘባቸው አንዱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በፊላደልፊያ ከተማ በእነዚህ ሕሙማን ሴሎች ውስጥ ከወትሮው ያጠረ አንድ ክሮሞዞም (ዘረ መሎችን የሚሸከም የሴል ክፍል) አዩ። በ1973 ደግሞ ጃኔት ራውሊ ነገሩ የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ መለዋወጥ መሆኑን አሳየች። በዚህ መለዋወጥ የተነሳ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል የተዳቀለ ዘረ መል ይፈጠራል፤ እሱ የሚያሠራው ፕሮቲንም ሴሉን ያለማቋረጥ እንዲራባ ያዝዘዋል። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት፣ ኖቫርቲስ የተባለው አምራች ኩባንያ በአብዛኛው ዓለም ግሊቬክ ብሎ የሸጠው፣ ይህንን ፕሮቲን ለይቶ ይዘጋል። የአሜሪካ መንግሥት ያጸደቀው በግንቦት ወር 2001 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ መድኃኒቱ የሚሠራው ያ የተዳቀለ ዘረ መል ካለ ስለሆነ፣ ከክኒኑ በፊት የሚመጣው ምርመራው ነው። አባትዎ ወደ አዲስ አበባ የተላኩት በከንቱ አይደለም። ፓተንቱን በተመለከተ ደግሞ የኢማቲኒብ ዋናው ፓተንት በአሜሪካም በአውሮፓም ጊዜው አልፎ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ በዚያም ቢሆን በብዙ ፋብሪካዎች እየተመረተ ይሸጣል። በአገራችንም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማክስ ፋውንዴሽን ከሚባለው ድርጅት ጋር በመተባበር ለብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ወደ ፕሮግራሙ ለመግባት የዘረ መሉ ምርመራ ውጤት ዋና ማስረጃ ስለሆነ፣ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀብለው ኮፒውን ቤት ያስቀምጡ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)፦ እኔ ይኸው መድኃኒት ተጀምሮልኛል። በየሦስት ወሩ ምርመራ ያስፈልጋል ይሉኛል፤ ጤንነት እየተሰማኝ ለምን እመላለሳለሁ?

መልስ፦ የተሰማዎት ጤንነት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሽታው ደም ቆጠራ ላይ ጠፍቶ በዘረ መል ደረጃ ሊኖር ይችላል። በሦስተኛው ወር የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን ከ10 በመቶ በታች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ወደ 0.1 በመቶ እንዲወርድ ይጠበቃል። ካልወረደ ሐኪሙ ክኒኑ በየቀኑ በትክክል መወሰዱን ይጠይቃል፤ አለዚያም በዘረ መሉ ላይ መድኃኒቱን የሚቋቋም አዲስ ሚውቴሽን (ለውጥ) መጥቶ እንደሆነ አይቶ ሁለተኛ ትውልድ መድኃኒት ይመርጣል።

እዚህ ላይ የምቆረቆርበትን ነገር ልናገር። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየሆስፒታሉ የተተከለው ጂን ኤክስፐርት ማሽን፣ የራሱ ካርትሪጅ ከተገኘለት ይህንኑ የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለካል። ማሽኑ አለ፣ ባለሙያውም አለ። የሚጎድለው ካርትሪጁ በመደበኛ ግዥ ውስጥ ገብቶ እስከ ክልል ሆስፒታሎች መድረሱ ነው። ይህ ቢሆን ከደንቢያና ከፎገራ የሚነሳ ሕመምተኛ ለአንድ ብልቃጥ ደም ሲል አዲስ አበባ ድረስ ባልተንከራተተ ነበር። ደሙ መላክ ካለበት ደግሞ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ተቀድቶ፣ ወደ በረዶነት ሳይለወጥ በቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ በሁለት ቀን ውስጥ መድረስ ይኖርበታል፤ የሚለካው አርኤንኤ (የዘረ መሉ ቅጂ) ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነውና።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ)፦ በአሜሪካ የተሰጠ የመድኃኒት ፓተንት በኢትዮጵያ ያስገድዳል? የእኛ ሕግስ ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ ምን ይላል?

መልስ፦ ፓተንት በአገር ድንበር የታጠረ መብት ነው። በዋሺንግተን የተሰጠ ፓተንት እዚህ ማንንም አይከለክልም፤ ባለመብቱ በኢትዮጵያ አመልክቶ ካልተፈቀደለት በስተቀር። የእኛ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት ለ15 ዓመት እንዲጸና፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ደግሞ ለተጨማሪ 5 ዓመት እንዲራዘም ይፈቅዳል። ይኸው አዋጅ በሰው አካል ላይ የሚካሄድ የሕክምና ወይም የበሽታ ምርመራ ዘዴ ፓተንት እንዳይሰጠው ያደርጋል። ክልከላው ግን ለዘዴው የሚያገለግሉ ምርቶችን አይጨምርም፤ ስለዚህ የምርመራ ኪት ወይም መድኃኒት ራሱን የቻለ ምርት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ለጥናትህ የምመክርህ ይህንን ልዩነት አጥብቀህ እንድትይዝ ነው፤ ብዙው ክርክር የሚነሳው ከዚያ ነው።

የሕጉን ነገር ስናገር የማይዘነጋው፣ መድኃኒቱን የምናስገባው በአብዛኛው ከውጭ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ያለበት አገር ፓተንቱን አክብሮ እንዳይመረት ከከለከለ፣ የእኛ ሕግ ነጻ ቢያደርገን እንኳን የምንገዛው ርካሽ መድኃኒት አይኖርም። የሌላ አገር ፍርድ ቤት ውሳኔ ጣና ዳር ላለ ሕመምተኛ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ (ከጎርጎራ)፦ የደም ካንሰር ክኒኑን የሚያመጣልን ሰው የህንድ ነው ይላል፤ ዋጋው ከሌላው እጅግ ያነሰ ነው። የተጭበረበረ ቢሆንስ?

መልስ፦ ርካሽ መሆኑና የተጭበረበረ መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የህንዱ ኢማቲኒብ ርካሽ የሆነበት ታሪክ አለው። ህንድ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ለመድኃኒት ውህድ ፓተንት አትሰጥም ነበር፤ በሯን ስትከፍትም በሕጓ ውስጥ አንድ አጥር አቆመች። አንቀጽ 3(መ) ተብሎ ሊጠራ የሚችለው ይህ ድንጋጌ፣ የታወቀ ውህድ አዲስ መልክ የተሻለ ፈዋሽነት ካላሳየ እንደ አዲስ ፈጠራ አይቆጠርም ይላል። ኖቫርቲስ የጠየቀው ፓተንት የኢማቲኒብን አንድ ዓይነት ክሪስታል የሚመለከት ነበር። ክሪስታሉ ለማከማቸትም ለማምረትም እንደሚመች፣ ወደ ደም የሚገባው መጠንም እንደሚጨምር ተከራከረ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሚያዝያ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ፣ እነዚህ ጥቅሞች ሕመምተኛውን በመፈወስ ረገድ ብልጫ መኖሩን አያሳዩም ብሎ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። በጊዜው የግሊቬክ የወር ዋጋ 2,600 ዶላር ገደማ፣ የህንድ አምራቾች ዋጋ ደግሞ 175 ዶላር ገደማ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል።

ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። አዲስ መድኃኒት ላገኘ ሰው ዋጋው ሊከፈለው ይገባል፤ አንዱን ግኝት በጥቃቅን ለውጥ እያደሱ ዘመኑን ማርዘም ግን ሕመምተኛን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

ወደ እርስዎ ክኒን ስመለስ፣ የሚያሳስበኝ ህንድ መሠራቱ ሳይሆን በሰው እጅ መምጣቱ ነው። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ ጄኔሪክ (የመነሻው መድኃኒት አቻ ሆኖ በሌላ ፋብሪካ የሚሠራ)፣ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከመነሻው መድኃኒት ጋር ተነጻጽሮ የተፈተነ ነው። በሻንጣ የመጣው ግን በመንገድ ላይ በምን ሙቀት እንደቆየ እንኳን የሚመሰክርለት የለም። ማሸጊያውን ሳይጥሉ ወደ ሆስፒታል ፋርማሲ ይውሰዱትና የምርት መለያ ቁጥሩንና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ያሳዩ። እስከዚያው ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ በራስዎ አያቋርጡት።

ጥያቄ (ከሐሙሲት)፦ እናቴና አክስቴ በጡት ካንሰር ታመዋል። የዘረ መል ምርመራ አድርጊ ተብያለሁ። ዘረ መሉ በኩባንያ ተይዟል የሚባለው ምን ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰውን ዘረ መል በባለቤትነት የያዘ የለም። ነገሩ የመጣው ማይሪያድ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ቢአርሲኤ1 እና ቢአርሲኤ2 በተባሉት ሁለት ዘረ መሎች ላይ ፓተንት ስለነበረው፣ በአሜሪካ ሌላ ላቦራቶሪ ምርመራውን ለሕሙማን እንዳይሰጥ መከልከል ችሎ ነበር፤ ዋጋውም ከ3,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈጥሮ የሠራችውን ዲኤንኤ ከሰውነት ነጥሎ ማውጣት ብቻውን ፈጠራ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ በላቦራቶሪ የሚሠራው ሲዲኤንኤ ግን ፓተንት ሊሰጠው እንደሚችል ተወው። ወዲያው ሌሎች ላቦራቶሪዎች ምርመራውን ባነሰ ዋጋ መስጠት ጀመሩ። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2015 በዚሁ ኩባንያ ላይ ተመሳሳይ ፍርድ ሰጠ።

ምርመራው ለአንቺ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ነው። ለውጡ ከተገኘብሽ ከወትሮው ቀደም ብለሽ በየጊዜው እንድትታዪ ያደርጋል፤ ለእናትሽ ደግሞ ኦላፓሪብን የመሰለ መድኃኒት ሊሠራላቸው ይችል እንደሆነ ያመለክታል። ከተቻለ መጀመሪያ የሚመረመረው የታመመው ሰው ነው፤ በእሳቸው ላይ ለውጡ ከተገኘ ለአንቺ የሚታየው ያ አንድ ቦታ ብቻ ስለሚሆን ወጪው ይቀንሳል።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ወንድሜ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፤ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት። ናሙናው ለኢጂኤፍአር ይታይ ተባለ፤ ናሙናውን የምንወስደው እኛ ነን። ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ኢጂኤፍአር የሴልን ዕድገት ከሚመሩ ዘረ መሎች አንዱ ነው፤ ሚውቴሽኑ በማያጨሱ ሰዎች ላይ በብዛት ስለሚገኝ ሐኪሙ ማዘዙ ተገቢ ነው። ለውጡ ከተገኘ ጌፊቲኒብ፣ ኤርሎቲኒብ ወይም ኦሲመርቲኒብ ይታሰባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጄኔሪክ ይገኛሉ፤ ኤርሎቲኒብ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ስለ ናሙናው የጠየቁት ግን ከሁሉም በላይ ልብ የሚባል ጥያቄ ነው። በእኛ አካባቢ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጣውን ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ ክፍል) የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ሥጋው ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ ፈሳሹም ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ ዙሪያውን ሊያጥለቀልቀው ይገባል። ግሉኮስ ወይም የጨው ውሃ ፎርማሊንን አይተካም፤ በዚያ የቆየ ሥጋ ይበሰብሳል። ፎርማሊን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ባለው ይወሰን፤ ለሳምንታት ከቆየ ዲኤንኤው ስለሚቆራረጥ ላቦራቶሪው «ውጤት የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ በዕቃው ላይ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሥጋው የወጣበትንና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ቀንና ሰዓት ያስጽፉ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የአንጀት ካንሰር ላለበት ሰው ሴቱክሲማብ ከውጭ ልናስልክ ነው። ምርመራ የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው። ኬራስ ወይም ኤንራስ በተባሉት ዘረ መሎች ላይ ሚውቴሽን ካለ ሴቱክሲማብ አይሠራም። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ውጤቱን በእጃችሁ ያዙ።

ጥያቄ (ከሕግ ተማሪው በድጋሚ)፦ ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን የካንሰር መድኃኒት ይወደድብናል?

መልስ፦ በድርድሩ ላይ የተመሠረተ ነው። አገራችን ለአባልነት ያመለከተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። የድርጅቱ ስምምነት ለ20 ዓመት የሚጸና ፓተንት ይጠይቃል፤ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አባል አገሮች ግን በመድኃኒት ረገድ እስከ ጥር 1 ቀን 2033 እ.ኤ.አ. ድረስ እፎይታ ሰጥቷል። የባንግላዴሽ ፋብሪካዎች በሌላው ዓለም ገና በፓተንት ሥር ያለውን ኦሲመርቲኒብን ማምረት የቻሉት በዚህ እፎይታ ነው። ከእፎይታው በተጨማሪ አስገዳጅ ፈቃድ የሚባል፣ መንግሥት ባለመብቱ ባይስማማም ሌላ ፋብሪካ እንዲያመርት የሚፈቅድበት መንገድ አለ፤ ህንድ በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ሶራፌኒብ ለተባለው የካንሰር መድኃኒት ስትጠቀምበት የወሩ ዋጋ ከ280,000 ሩፒ ገደማ ወደ 8,800 ሩፒ ወርዷል። አዲስ ገቢ አገር በድርድር ጊዜ ከእነዚህ መብቶች አንዱን ለሌላ ጥቅም እንዲለቅ ሊጠየቅ ይችላል። ተደራዳሪዎቻችን በዚህ ረገድ አንድ ስንዝር እንኳን እንዳይለቁ አጥብቄ እመኛለሁ።

ጥያቄ (ከደቅ ደሴት)፦ እናታችን የጡት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ያን ጊዜ ኸርቱ የሚባለው ምርመራ አልተደረገም። አሁን ሥጋው ከየት ይመጣል?

መልስ፦ አይጨነቁ፤ ሥጋው በፓራፊን ሰም ተደርጎ በፓቶሎጂ ክፍሉ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ የተቀመጠ ናሙና ከዓመታት በኋላም ይመረመራል። የፓቶሎጂ ቁጥሩን ከድሮው ወረቀት ላይ ፈልገው ብሎኩ (ሥጋው ያለበት ሰም) እንዲሰጥዎ በሐኪሙ ደብዳቤ ይጠይቁ። ኸርቱ የካንሰር ሴሉን እንዲያድግ የሚያበረታታ ፕሮቲን ነው፤ ውጤቱ 3+ ከሆነ ኸርቱ በብዛት አለ ማለት ነው፤ 2+ ከሆነ ፊሽ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ትራስቱዙማብ የሚሰጠው ኸርቱ ላለባቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የትራስቱዙማብ ባዮሲሚላር (ከመነሻው መድኃኒት ጋር እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ በሌላ አምራች የሚሠራ) አጽድቋል፤ ስለዚህ ሐኪሙን ሲያገኙ በባዮሲሚላር መልክ ይገኝ እንደሆነ በስሙ ጠርተው ይጠይቁ።