የጋራ ላብራቶሪ ማስተባበር ለሙያዬ ይጠቅመኛል ወይስ ዕቃ ጠባቂ ያደርገኛል?

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ የኢኮሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የመስክ ሥራዬን ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነው። ሦስት የምርምር ቡድኖችና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን ላብራቶሪ ለአንድ ዓመት እንዳስተባብር ተጠይቄአለሁ። አበሉ ትንሽ ነው፤ ጓደኞቼም «ተምረሽ ተምረሽ ዕቃ ጠባቂ ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። ልቀበል ወይስ የተመራማሪነት ማስታወቂያ እስኪወጣ ልጠብቅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለአንድ ዓመት ይቀበሉት እላለሁ፤ ነገር ግን ከመፈረምዎ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይለይልዎት። የጓደኞችዎ ስጋት እንዲሁ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ሥራው ቁልፍ ይዞ በር መክፈትና መዝጋት ብቻ ከሆነ ዓመቱ በከንቱ ያልፋል። መሣሪያዎቹን ማስተካከል፣ አዲስ ተማሪ ማሠልጠንና ከመሣሪያው የሚወጣው ቁጥር የሚታመን መሆኑን ማረጋገጥ ከሆነ ግን ዲግሪው ብቻውን የማይሰጥዎትን ሙያ ያስጨብጥዎታል።

ኦቨኑን ብቻ እንመልከት። የአፈር እርጥበት የሚለካ ተማሪ ናሙናውን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ለ24 ሰዓት ያህል ያደርቀዋል። ቅጠል ለናይትሮጅን ምርመራ የሚያደርቀው ግን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይወሰናል፤ ሙቀቱ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ከቅጠሉ ውስጥ የሚተንና የሚለወጥ ነገር አለና። ለሁለቱም ያለው ኦቨን አንድ ሲሆን፣ ዓርብ ማታ የአፈሩ ባለቤት ይመጣና ማዞሪያውን ወደ 105 ያዞረዋል። ሰኞ ጠዋት የቅጠሉ ባለቤት የወረቀት ከረጢቱን ሲያወጣ ቅጠሉ ደርቆ ያገኘዋል፣ ይመዝነዋል፣ ቁጥሩንም ይጽፋል፤ ስሕተቱ በዓይን ስለማይታይ ተመርቆ እስኪወጣ ድረስ ላያውቀው ይችላል። መብራት ቅዳሜ ሌሊት ጠፍቶ እሑድ ረፋድ ላይ ከመጣ ደግሞ «ለ48 ሰዓት ደርቋል» የሚለው የመመረቂያ ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር እውነት መሆኑ ይቀራል። ማን፣ ምን፣ በስንት ዲግሪ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳስገባ የሚመዘገብበት ደብተር ከኦቨኑ አጠገብ በገመድ ታስሮ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ሁሉም እንዲጽፍበት መጨቅጨቅና ናሙናው ዳግመኛ ተመዝኖ ክብደቱ መቆሙ እንዲረጋገጥ ማድረግ የአስተባባሪ ሥራ ነው። (መጨቅጨቁ ከሁሉም እንደሚከብድ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ በተለይ ጥፋተኛው የእርስዎን መምህር ያህል ሰው ሲሆን።)

እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን የሐይቅ ውሃ አጣርቼ፣ ማጣሪያው ላይ የቀረውን ክሎሮፊል፣ ማለትም የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም፣ በ90 በመቶ አሴቶን አውጥቼ በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስቀር በሚለካው መሣሪያ) ላነብ ስል የመስታወት ኩቬቶቹ (ፈሳሹ ለንባብ የሚጨመርባቸው ትንንሽ ዕቃዎች) በሌላ ሰው ተይዘው ስለነበር ከመሳቢያ የፕላስቲክ ኩቬት አነሣሁ። አሴቶን ያንን ዓይነት ፕላስቲክ ያሟሟዋል። የኩቬቱ ግድግዳ እንደ ጉም ሲደፈርስ ቁጥሩ እያሻቀበ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ሐይቁ በአልጌ የተሞላ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የአንድ ቀን ሥራ ባከነ። መሳቢያው ላይ «አሴቶን አይገባበትም» የሚል አንድ መስመር ቢለጠፍ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር፤ መለጠፉ ግን የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረም።

ይህ የመመዝገብ ጉዳይ አሰልቺ ከመሰለዎት እዚያው አራት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ኸርባርየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ወደሚቀመጡበት ቤት፣ ጎራ ይበሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በስምንት ቅጽ የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ የአገራቱን ዕፅዋት የሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ የተሠራው በእንዲህ ዓይነት የደረቁ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። የሰብሳቢው ስም፣ የናሙናው ቁጥር፣ ቦታውና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር ባይኖር ኖሮ እዚያ የተከማቸው ድርቆሽ ነበር።

ወደ ሥራ ገበያው ስንመጣ፣ የውሃ፣ የአፈርና የምግብ መመርመሪያ ላብራቶሪዎች እውቅና የሚያገኙት አይኤስኦ 17025 በተባለው ደረጃ ነው። ደረጃው ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል የመሣሪያዎች የካሊብሬሽን (የልኬት ትክክለኛነት ማስተካከያ) መዝገብና የሠራተኛው ብቃት ማረጋገጫ ይገኙበታል። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ «ስፔክትሮፎቶሜትር እችላለሁ» ከማለት ይልቅ «ፒኤች ሜትሩን (የአሲድነት መለኪያውን) በምን ያህል ጊዜ፣ በየትኞቹ ባፈሮች (ፒኤቻቸው በታወቀ ፈሳሾች) አስተካክል እንደነበር፣ ቁጥሩ ሲዛባም ምን እንዳደረግሁ መዝገቡ ይኸው» ማለት ከቻሉ ከብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ይለያሉ። የተመራማሪነት ማስታወቂያ ሲወጣም በዚህ ላይ ይጨመርልዎታል እንጂ አይቀነስብዎትም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልመለስ። መሣሪያዎቹን በሞዴል 22 (ንብረት ከመጋዘን ወጪ ሆኖ ለተጠቃሚ በሚሰጥበት ቅጽ) በስምዎ እንዳይረከቡ። የጋራ ዕቃ በአንድ ተማሪ ስም ከተመዘገበ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ሌንስ ሲጎድልበት ወይም አንድ ማይክሮፒፔት ሲጠፋ ክሊራንስ (ከንብረት ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) የሚከለከለው ያ ተማሪ ነው፤ ክሊራንስ ካልተሰጠ ደግሞ ዲግሪው አይወጣም። ንብረቱ በትምህርት ክፍሉ ቋሚ ሠራተኛ ስም ይቆይ፤ እርስዎ የአጠቃቀም መዝገቡንና የሥልጠናውን ኃላፊነት ይውሰዱ። በዚህ ካልተስማሙ፣ አበሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ይተዉት።

ሰዓቱም ይወሰን፤ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከሆነ የመመረቂያ ጽሑፍዎ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለ አበሉ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትንሽ ነው፣ ለትራንስፖርትና ለምሳ ከበቃ ይበቃል። ይልቅስ ሲጨርሱ የሚሰጥዎት የሥራ ልምድ ደብዳቤ «በላብራቶሪ አገልግለዋል» በሚል ጥቅል ቃል እንዳያልፍ አሁኑኑ ይነጋገሩ። የትኞቹን መሣሪያዎች እንዳስተካከሉ፣ ስንት ተማሪ እንዳሠለጠኑና የትኞቹን የአሠራር መመሪያዎች እንደጻፉ ተዘርዝሮ እንዲገባ ረቂቁን ራስዎ አዘጋጅተው ለኃላፊው ይዘው ይቅረቡ፤ ደብዳቤውም የትምህርት ክፍሉ ማኅተም ይረፍበት።